አሥራ ዘጠነኛዋ

ኑ ልጆቼ፣ ቀረብ ብላችሁ ተቀመጡ። አንተም ኳሱን አስቀምጠው፣ አይሸሽህም። የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ሯጭ ልጅ ነው። ሯጭ ስላችሁ ወርቅ አጥልቃ፣ ባንዲራ ለብሳ የዞረች እንዳትመስላችሁ፤ ከትምህርት ቤቷ ሴቶች መካከል እንኳ ሦስተኛ ነበረች። ዘመኑ በፈረንጆቹ ሰማንያ ዘጠኝ ነው፣ በስደት አገር፣ ፌርፋክስ በሚባለው መንገድ ላይ የእኛ ሰው ሱቅ ገና በጣት ሲቆጠር። ነገሩ የሚጀምረው ከፒኮ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ ውስጥ፣ እራት ላይ ነው።

እንግዳው ፊቱ ቀልቷል። ኮች ዌንደል ይባላል፤ ከካንሳስ፣ ከአንዲት ትንሽ ኮሌጅ የመጣ የሩጫ አሰልጣኝ ነው። የሳብሪያ አባት አብዱልባሲጥ ሦስተኛውን ሰሃን እየሞላለት ነው።

«ብላ በይው እንጂ፣ ሳብሪያ። ምኑን በላው? የሩጫ ሰው አይደለም እንዴ?»

«አባ፣ ጠግቧል እኮ።»

«ማን ነገረሽ? እሱ መቼ ጠገብኩ አለ?»

ሳብሪያ ወደ እንግዳው ዞረች። «አባቴ ብላ ይልሃል» አለችው በእንግሊዝኛ። ኮች ዌንደል ግንባሩን ጠረገና ማንኪያውን እንደገና አነሳ። እናቷ ኸይሪያ ከኩሽናው በር ላይ ቆማ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፈነችው።

ሳብሪያ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ከኤርፖርቱ መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ድራይቭ ያደርጋል፤ እናቷ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ሁለቱም ለሥራቸው የሚበቃ እንግሊዝኛ አላቸው፣ ለወረቀት የሚበቃ ግን የላቸውም። ስለዚህ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ የቤቱ አፍ እሷ ናት። የኢሚግሬሽኑ ደብዳቤ፣ የሐኪሙ ቀጠሮ፣ የአከራዩ ቁጣ፣ ሁሉም በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። ሐኪም ቤት ሄደው ሐኪሙ አምስት ደቂቃ ሙሉ ተናግሮ እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብታሳጥረው እንኳ፣ ወላጆቿ «እሺ» ብለው ይወጣሉ። የገዛ ልጃቸው ናት፣ ምን ብለው ይጠራጠሯታል?

ኮች ዌንደል ሰሃኑን ጨረሰና፣ ሌላ ሳይጨመርበት ቶሎ ብሎ በእጁ ሸፈነው። ከዚያ ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣ።

«ባለፈው ሳምንት ቶራንስ በነበረው ውድድር ላይ ስትሮጥ አይቻታለሁ» አለ። «ወኔ ያላት ልጅ ናት። በመጪው መስከረም አዲስ የሴቶች አገር አቋራጭ ቡድን እንጀምራለን። የትምህርቱን ግማሽ ኮሌጁ ይችላል፣ ለቀሪው መንግሥት ያግዛል። ከእናንተ አገር ልጅም ነበረን፤ ተስፋሁን የሚባል፣ ኳስ ተጫዋች፣ አሁን እዚሁ ፌርፋክስ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ሳብሪያን ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።»

ሳብሪያ አንድም ሳታስቀር ተረጎመች። «ወኔ ያላት ልጅ ናት» የሚለው ላይ ስትደርስ ቃሉን ቀስ ብላ ተናገረችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም እንዲህ ብሏት አያውቅም። የራሷ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ እንኳ ሦስት ዓመት ሙሉ «ሳብሪና» እያለ ነበር የሚጠራት።

አብዱልባሲጥ ጢሙን ዳሰሰ። ሚስቱን ገልመጥ አድርጎ አየና ለእንግዳው አንገቱን ዝቅ አደረገ።

«ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው። ይህን ያህል አገር አቋርጦ ቤታችን መምጣቱ ትልቅ ክብር ነው በይው። ኢንሻአላህ፣ እናያለን።»

መቼም እናንተም ታውቁታላችሁ። በእኛ ቤት ገበታ ላይ የተቀመጠን እንግዳ ፊት ለፊት «አይሆንም» አይሉትም። «እናያለን» ነው የሚሉት። እንግዳው ከበር ሲወጣ ነገሩም ቀስ ብሎ ይሞታል፣ ቀባሪም አይፈልግ። አብዱልባሲጥ ሴት ልጁን አንድ ዘመድ ወደሌላት አገር ብቻዋን ሊሰድ ሐሳቡም አልነበረው። ሳብሪያ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ያቺን «እናያለን» ብስክሌት ስትለምንም ሰምታታለች፣ ከክፍሏ ልጆች ጋር ለሽርሽር ልሂድ ስትልም ሰምታታለች።

ኮች ዌንደል ዓይን ዓይኗን እያየ ነው። «ምን አሉ?»

እንግዲህ እዚች ላይ ነው፣ ልጆቼ።

«ተስማምቷል» አለች። «በጣም ደስ ብሎታል።»

ሰውዬው ብድግ ብሎ የአባቷን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘው። አብዱልባሲጥም እንግዳው ደስ ሲለው ደስ አለውና መልሶ ወዘወዘ።

«ምንድን ነው እንዲህ ያስደሰተው?»

«ምግቡን ወዶት ነው፣ አባ። እዚች ጋ ደግሞ ፈርምለት። ስለ ኮሌጁ የሚያስረዳ መጽሔት እንዲልኩልን ነው።»

አብዱልባሲጥ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ፣ ልጁ ጣቷን ባሳረፈችበት ቦታ ፈረመ።

በዚያ ሳምንት ሳብሪያ መሬት የረገጠች አይመስላትም ነበር። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የፒኮ የመጀመሪያዎቹ አውቶቡሶች ባዶአቸውን ሲያልፉ፣ እሷ በእግረኛው መንገድ ላይ ትሮጣለች። ስለ ዋሸችው ነገር አላሰበችም አልላችሁም። አስባለች። ግን እንዲህ ብላ ነው ራሷን ያባበለችው፦ ስኮላርሺፑ በደብዳቤ ሲመጣ አባቴ ያየውና ይለሰልሳል፤ ስለዚህ የተናገርኩት ውሸት ሳይሆን ገና ያልደረሰ እውነት ነው።

ኮች ዌንደል በየሁለት ቀኑ ይደውላል። አባቷ ካነሳው «ሄሎ፣ ሃው አር ዩ፣ ቬሪ ጉድ፣ ዌልካም» ይልና ለእሷ ያቀብላታል።

«ምን አለ ሰውዬው?» ይላታል ስትዘጋ።

«ሰላም ለማለት ነው።»

«የሚገርም ሰው ነው! አንድ እራት በልቶ እንዲህ የሚያመሰግን ፈረንጅ አይቼ አላውቅም።»

ኸይሪያ ግን አትስቅም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር የልጇን ፊት አየት ታደርግና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

በሁለተኛው ሳምንት ዐርብ ኮች ዌንደል ደውሎ፣ «አልጋሽን መድቤልሻለሁ» አላት። «ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ መስኮቱ ወደ ስንዴው እርሻ ያያል። አሥራ ዘጠነኛ ነሽ።»

«አሥራ ዘጠነኛ ምን?»

«ዝርዝሬ ላይ ነዋ» አለና ሳቀ።

ስልኩን ዘግታ እዚያው ግድግዳው ሥር ቆመች። በአገር አቋራጭ ውድድር ላይ አንድ ቡድን የሚያሰልፈው ሰባት ሰው ነው። ይህን የማያውቅ ሯጭ የለም። ታዲያ አሥራ ዘጠነኛዋ ምን ታደርጋለች?

በማግስቱ እናቷ ኮረሪማ ግዢ ብላ ፌርፋክስ ስትልካት፣ ሰውዬው የጠቀሰውን ተስፋሁንን አጠያይቃ አገኘችው። ቅመምና ካሴት በሚሸጥ አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ካርቶን እየቀደደ ዕቃ ይደረድራል። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው።

«ምን ልታዘዝ፣ ሯጯ?»

«ሯጭ መሆኔን በምን አወቅህ?»

«ሹራብሽ ላይ ተጽፎልሽ የለ እንዴ! ማንበብ እኮ ኮሌጅ ተምሬያለሁ።»

ሳብሪያ የመጣችበትን ነገረችው። የኮች ዌንደልን ስም ሲሰማ ተስፋሁን በሳቅ ፈነዳ።

«አሁንም ያቺን ክርኗ ላይ የተጣፈች ጃኬት ነው የሚለብሰው?»

«አዎ።»

«ጥሩ ሰው ነው፣ ኦኬ? መጀመሪያ እሱን ልንገርሽ። በረዶ ሲይዘን ሁላችንንም በራሱ መኪና ነበር የሚያመላልሰን።» ሳቁን አቁሞ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ። «ሰዓትሽን ጠይቆሻል?»

«የምን ሰዓት?»

«የሩጫሽን ነዋ። ሁለት ማይሉን በስንት እንደምትገቢ።»

ሳብሪያ ወደ ኋላ አሰበች። ያን ሁሉ ጊዜ ሲደውል ስለ አልጋ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ አውሮፕላን አውርተዋል። ሰዓቷን አንድ ቀን አልጠየቃትም።

«የእኛም የኳሱ ኮች እንደዚያው ነው» አለ ተስፋሁን። «ለቡድኑ ሪክሩት ሲያደርገኝ እግሬን አላየም፤ የሃይስኩል ውጤቴን አየና በቃ። ሶ፣ ስደርስ ቡድኑ ውስጥ ስንት ሰው ነበር መሰለሽ? ስልሳ ሁለት! ኮሌጁ በሞላ አራት መቶ ተማሪ የለውም፣ ግማሹ አትሌት ነው። ከተማዋ አንድ የትራፊክ መብራት ነው ያላት፣ እሱም ሁሌ አረንጓዴ ነው። እዚያ ድረስ ማን ልማር ብሎ ይመጣል? መጫወት የሚወድ ልጅ ግን ‹ትጫወታለህ› ካሉት ጨረቃም ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ቡድን ይከፍታሉ፣ ቡድኑ ልጅ ያመጣል፣ በልጁ ዶርሙ ይሞላል። ዶርሙ ካልሞላ ኮሌጁ ይዘጋል።»

«አንተስ ተጫወትክ?»

«አሥራ አንድ ደቂቃ።»

«በአንድ ጨዋታ?»

«በሁለት ዓመት። እሱም አራት ለዜሮ ስንመራ ነው።»

ሳብሪያ መሳቅ ፈልጋ አልሆነላትም። ተስፋሁንም እንዳልሳቀች አየ።

«ትምህርቱን አልጠላሁትም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አስተማሪዎቹ በስምሽ ነው የሚያውቁሽ። የሒሳብ አስተማሪዬ ታምሜ ሾርባ አምጥቶልኛል። የከበደኝ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ተጫዋቾቹን ጭኖ ሲሄድ በመስኮት ታያለሽ። ማሊያውን ለብሰሻል፣ ስምሽ ጀርባሽ ላይ ተጽፏል፣ ግን ቀሪ ነሽ። ይኼን ሁለት ዓመት ቻልኩት፣ ሦስተኛውን አልቻልኩም።»

«አትሂጂ እያልከኝ ነው?»

«እኔ እንደዚያ አልልም። ለመማር ከሆነ ሂጂ፣ ያስተምሩሻል። ለመሮጥ ከሆነ ግን...» ኮረሪማውን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። «ራሱን ጠይቂው። ከጠየቅሽው የሚዋሽ ሰው አይመስለኝም።»

ወደ ቤቷ በእግሯ ተመለሰች። ሰው አንድን ነገር ለማግኘት ሲዋሽ፣ ቢያንስ ያ ነገር ይገባኛል ብሎ ነው። እሷ አባቷን የዋሸችው ሩጫዋን ያየላት ሰው ተገኘ ብላ ነው። አሁን ሩጫው ከመሃል ቢወጣ ውሸቱ ብቻውን ይቀራል። እስከ ቤቷ ድረስ ይህን እያወጣች እያወረደች ሄደች።

ሰኞ ከሰዓት ስልኩ ሲጮህ እናትና አባቷ ሥራ ላይ ናቸው። ራሷ አነሳችው።

«ኮች፣ ስንት ሰው ነው የምትፈልገው?»

«ሃያ አራት።»

«የሚሮጡት ግን ሰባት ናቸው።»

«ሰባት ናቸው» አለ።

«እኔ ከሰባቱ አንዷ እሆናለሁ?»

ኮች ዌንደል ጉሮሮውን ጠራረገ። «እውነቱን ከፈለግሽ፣ አይመስለኝም። በመጀመሪያው ዓመት አትሆኚም። ምናልባትም ከናካቴው። ይህን እራቱ ላይ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፣ ሳብሪያ። ሃያ አራት አልጋ ያለው ባዶ ዶርም አለን። አለቃዬ ጠርቶ ‹ሃያ አራት ልጅ ካመጣህ ቡድን ይኖርሃል፣ ካላመጣህ አንተም አትኖርም› አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።»

ሳብሪያ የስልኩን ገመድ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው።

«ወኔ አላት ያልኩት ግን ውሸት አይደለም» ቀጠለ። «በመጨረሻው ዙር ሁለቱ ጥለውሽ ከሄዱ በኋላ እንኳ አንገትሽን አልደፋሽም። ያየሁትን ነው የተናገርኩት።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ሰውዬው ዋሽቷት ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር።

«ብቻ አባትሽ ቃል ስለሰጡኝ» አለ ኮች ዌንደል፣ «ልጅ ፍለጋ አሪዞና ልሄድ የነበረውን ትቼዋለሁ። ዐርብ ዝርዝሩን አስገባለሁ። አንቺና አባትሽ እንዳላችሁ ናችሁ አይደል?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ሳብሪያ ያቺ አንዲት ቃል ከገበታው ተነሥታ ካንሳስ ደርሳ፣ ከዚያም አልፋ የሰው መንገድ ስታስቀር አየቻት። «እስከ ሐሙስ ጊዜ ስጠኝ» ብላ ዘጋች።

አባቷ አመሻሹ ላይ ሲገባ ታች መኪና ማቆሚያው ጋ ጠበቀችው። ቫኑን ፓርክ አድርጎ ዘይቱን እያየ ነው።

«አባ፣ የፈረምከው ወረቀት የመጽሔት አይደለም።»

«ታዲያ የምን ነው?»

«እኔን ለኮሌጁ የሰጠህበት ነው። አንተ እናያለን አልክ። እኔ ‹ተስማምቷል› ብዬ ነገርኩት።»

አብዱልባሲጥ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፣ ጣት በጣት። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«ስንት ጊዜ?» አለ።

«ምን ስንት ጊዜ?»

«ስንት ጊዜ እንዲህ አድርገሻል? የእናትሽን ሐኪም? የአከራዩን? ያን የኢሚግሬሽኑን ሰውዬ?»

ይህ ጥያቄ ይመጣል ብላ አልጠበቀችም። ስምንት ዓመት ሙሉ በእሷ አፍ የገባውና የወጣው ሁሉ በአንድ ጊዜ አባቷ ዓይን ውስጥ ሲገላበጥ አየች።

«አንድም ጊዜ። ወላሂ፣ አባ። ይህ ብቻ ነው።»

«አምንሻለሁ» አለ። «ከእንግዲህ ግን እያሰብኩ ነው የማምንሽ።»

ሳብሪያ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አባቷ እስክትጨርስ ጠበቃት። ከዚያ ቀሪውን ነገረችው፤ የሃያ አራቱን አልጋ፣ የሰባቱን ሯጮች፣ የአሪዞናውን መንገድ።

«በእኔ ቃል ብሎ ነው መንገዱን የተወው?»

«በአንተ ፊርማ።»

አብዱልባሲጥ አጠገቧ ተቀመጠ። «አየሽ፣ እኔም እኮ ‹አይሆንም› ማለት ነበረብኝ። ስንት አገር አቋርጦ የመጣን ሰው አብልቼ እንዴት እምቢ ልበለው ብዬ ‹እናያለን› አልኩ። ውሸትሽ የእኔን ይሉኝታ ተደግፎ ነው የቆመው። ያ ማለት ግን ያንቺ ቀረ ማለት አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ፈረንጁ ስለ ጠየቀሽ ሳይሆን እኔ ስለ ጠየቅሁሽ መልሺልኝ። መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ከላይ መስኮቱ ተከፈተና ኸይሪያ አንገቷን ብቅ አደረገች። «እዚያ አገር በረዶው ጉልበት ድረስ ነው አሉ!»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰሚን?»

«መኪናህን ካቆምክ ጀምሮ ነዋ!» አለችና መስኮቱን ሳትዘጋ ወደ ውስጥ ገባች።

አብዱልባሲጥ ፈገግ ሊል ሲል ተወው። «ለመማር እሄዳለሁ ካልሽ ሆዴ እየባባም ቢሆን እሸኝሻለሁ። ካልሄድሽም ቤትሽ ነው። እኔ አልከለክልሽም፣ አልገፋሽም። እስከ ሐሙስ አስቢበት።»

እነዚያ ሦስት ቀናት ከባዶች ነበሩ። ቀድሞ መንገዷን የዘጋባት አባቷ ነበር፣ ስትናደድም በእሱ ላይ ነው። አሁን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ማክሰኞ ልሂድ አለች። ያ ወደ ስንዴው የሚያይ መስኮት፣ ያ በስም የሚጠራ አስተማሪ ይመጣባታል። ረቡዕ ማለዳ ስትሮጥ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱን ቆማ ስትሸኝ ራሷን አየች፤ በዚህ ጊዜ መንገዱ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ከኋላዋ ውሻ ይዘው የሚመጡ ሴትዮ ሊጋጯት ምንም አልቀራቸው።

ሐሙስ ዕለት አባትና ልጅ ራሳቸው ለኮች ዌንደል ደወሉለት። አብዱልባሲጥ መጀመሪያ እኔ ነኝ የምናገረው ብሎ ስልኩን ያዘ። ከጠዋት ጀምሮ ቫኑ ውስጥ ሲለማመደው ነው የዋለው።

«ሚስተር ዌንደል። አይ ሴይ ‹ዊ ዊል ሲ›። አይ ዶንት ሴይ ‹የስ›። ዩ ኢት ኢን ማይ ሃውስ፣ ሶ አይ ኬናት ሴይ ‹ኖ›። ማይ ሚስቴክ። አይ አም ሶሪ።»

ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ከወዲያ ማዶ ኮች ዌንደል ረዘም አድርጎ ተናገረ። አባቷ ግማሹ ስላልገባው ስልኩን ለሳብሪያ ሰጣት፣ ግን አጠገቧ እንደ ቆመ ነው።

«ምን ይላል?»

«‹ይገባኛል› ይላል። ‹እኔም ሦስተኛውን ሰሃን እምቢ ማለት አቅቶኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሆዴን ይዤ ነው ያደርኩት› ይላል።»

ኸይሪያ ከኩሽና «ውይ በሞትኩት!» አለች።

ሳብሪያ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። «ኮች፣ አባቴ ተስማምቷል ያልኩህ እኔ ነኝ። አላለም ነበር።»

«አሁን ገብቶኛል።»

«ይቅርታ አድርግልኝ። ከዝርዝርህ ደግሞ ሰርዘኝ።»

ወዲያ ማዶ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማች።

«ስለ አባትሽ ነው?»

«አይደለም። ብሄድ ይሸኘኛል። መሮጥ ስለምፈልግ ነው። እዚህ የከተማው ኮሌጅ ቡድን አለው፤ ቤታችን መጥቶ የጠራኝ የለም፣ ሄጄ ልጠይቃቸው ነው። ከመጨረሻዎቹ አንዷ ብሆን እንኳ ከሚሰለፉት ጋር ልሰለፍ።»

የኮች ዌንደል ድምፅ ደክሟል። «እንግዲህ አሥራ ስምንት ቀረሁ። አሪዞና መሄዴ ነው» አለ። ሊስቅ ሞከረና ተወው። «ሳብሪያ፣ በየዓመቱ እሺ ብለው የሚቀሩ ልጆች አሉ። አልጋ አንጥፌ፣ ስማቸውን በሩ ላይ ለጥፌ፣ ነሐሴ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ አይመጡም። ደውሎ አልመጣም ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም።»

ተሰናበቱ። ሳብሪያ ስልኩን ሰቀለችና ወደ ወላጆቿ ዞረች። ማንም ሳይጠይቃት የተባለውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረጎመችላቸው፤ ነሐሴ ላይ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀውንም ጭምር። አባቷ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ቤቷ የሚወስዳትን አውቶቡስ አሳልፋ፣ ወደ ከተማው ኮሌጅ የሚሄደውን ተሳፈረች።

ልክ አደረገች ወይስ አጠፋች ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መልሱን እኔ አላውቀውም። ተስፋሁን በኋላ እንደ ሰማው ኮች ዌንደል ሃያ አንድ ልጅ ብቻ ነው ያገኘው፤ ቡድኑም አንድ ዓመት ሮጦ ተበተነ። ሳብሪያ ይህን የሰማች ዕለት እስኪመሽ ብቻዋን ስትሮጥ ነው የዋለችው። እንግዲህ ልጆቼ፣ እሷን ስታስቡ ያን ክርኑ የተጣፈ ጃኬት የለበሰ ሰውዬም አብራችሁ አስታውሱልኝ፤ እሱም ሲጠየቅ አልዋሻትም።